ሳዲዮ ማኔ የተሳካለት ከቤት ስለጠፋ ነው? የአንድ የሐዋሳ አባት ጥያቄና የመጡለት ምላሾች

የሐዋሳ የኳስ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር ተከፍቶ ብዙ ሰው ገብቶበታል። ከታች ያለው የክሩ ውሎ ነው፤ በየመሐሉ የራሴን አስተያየት ጨምሬበታለሁ። ጉዳዩ ያገባኛል። በየሰፈራችን ኳስ የሚወዱ ልጆች አሉ። በነሱ ዙሪያ ደግሞ ኪሳቸውን ብቻ የሚያስቡ ሰዎች ያንዣብባሉ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው

ጠያቂው አቶቴ አካባቢ የሚኖሩ አባት ናቸው። ልጃቸው 15 ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ይማራል። ከትምህርት መልስ በሰፈሩ ፕሮጀክት ይለማመዳል። በቅርቡ አንድ ሰው ልምምድ ላይ አይቶት ቤት ድረስ መጣ። አውሮፓ ሙከራ እንደሚያስገባው፣ ለጉዞ ማመቻቻ ግን ቀድሞ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ልጁም ትምህርቱን ላቁም ብሎ ሙጥኝ አለ። መከራከሪያው ሴኔጋላዊው የኳስ ኮከብ ሳዲዮ ማኔ ነው። ማኔ በ15 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ዳካር ባይሄድ ኖሮ ዛሬ ማንም አያውቀውም ባይ ነው።

አባት ሁለቱንም ይፈራሉ። ከልክለውት ዕድሜ ልኩን እንዳይወቅሳቸው፣ ፈቅደውለት ደግሞ ሰው እጅ ላይ እንዳይጥሉት። ጥያቄያቸው አጭር ነው። ማኔን ለዚህ ያበቃው እውነት መጥፋቱ ነው ወይ? እሳቸውስ ምን ያድርጉ?

ምላሽ 1 እና 2

ሁለቱም የትህትና ናቸው። የመጀመሪያው አባት ልጃቸውን ሰምተው ምክር መጠየቃቸውን አመሰገነ። ሁለተኛው ልጁ በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት ጠየቀ። አባት የግራ መስመር ተከላካይ መሆኑን መለሱለት።

ምላሽ 3

ፒያሳ የመጻሕፍት መደብር ያለው አንድ የሊቨርፑል ደጋፊ የማኔን ጉዞ ከመነሻው ተረከው። ማኔ የተወለደው በ1992 ደቡብ ሴኔጋል ባምባሊ በምትባል መንደር ነው። አባቱ የሞቱት ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። ዳካር በሚገኘው ጄኔራሲዮን ፉት አካዳሚ ተቀባይነት አግኝቶ በ2011 ወደ ፈረንሳዩ ሜትዝ ተሻገረ። ሜትዝ ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። ማኔ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በጥር 2012 ሲሆን ቡድኑ በዚያው ዓመት ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። በለንደን ኦሎምፒክ ከሴኔጋል ጋር ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ኦስትሪያው ሳልዝበርግ ሄደ። እዚያ በ2014 ሊጉንም ዋንጫውንም አነሳ። ከሳልዝበርግ ሳውዝሃምፕተን፣ በ2016 ደግሞ ሊቨርፑል።

ሊቨርፑል ከገባ በኋላ ያለውን የማያውቅ የለም። በ2019 ቻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊግ። በ2018/19 ፕሪሚየር ሊግ ከቡድን ጓደኛው ከሳላህና ከአርሰናሉ ኦባሜያንግ ጋር እኩል 22 ጎል አግብቶ የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ። በየካቲት 2022 ያውንዴ ላይ ሴኔጋል ግብፅን በመለያ ምት ስትረታ የመጨረሻዋን ያስቆጠረው እሱ ነው። በዚያው ጨዋታ ገና በጅምሩ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ነበር። ለአገሩም የመጀመሪያዋ የአፍሪካ ዋንጫ ናት።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ የዘረዘረው ደረጃዎቹ እንዲታዩ መሆኑን አስረዳ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ኦስትሪያ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ሊቨርፑል። አንዱም አልተዘለለም።

ምላሽ 4

የዚህኛው ድምፅ ጠንከር ይላል። ደረጃው የመጣው ከመጥፋቱ በኋላ ስለሆነ ዋናው ነገር ድፍረቱ መሆኑን ጻፈ። እኛ አገር ተሰጥኦ የሚገድለው ወላጅ ነው ብሎም ደመደመ። እሱ ራሱ በልጅነቱ ኳስ በመከልከሉ እስካሁን እንደሚቆጨው አከለ። ቁጭቱን አልነፍገውም፤ እውነት አለው።

ምላሽ 5

ክሩን የቀየረው ይህ ነው። ጸሐፊዋ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ምላሽ 4 የታሪኩን ግማሽ እንደዘለለ በጨዋ ቃል አሳየችው። ማኔ በርግጥ ለቅርብ ጓደኛው ብቻ ነግሮ ጠፍቷል። ነገር ግን ቤተሰቡ ፈልጎ አግኝቶ መለሰው። ለመመለስ ሲስማማም ቃል አስገባቸው። አንድ ዓመት ተምሮ ይጨርሳል፣ ከዚያ እነሱ ወደ ዳካር ይለቁታል። ይህንን በተለያየ ጊዜ በቃለ መጠይቅ የተናገረው ራሱ ማኔ ነው።

እንግዲህ ልጁ በምሳሌነት ያመጣው ሰው የመጨረሻውን ጉዞ የጀመረው ከቤተሰቡ ጋር ተስማምቶ ነው። በኔ እይታ ለአባት ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። መጥፋቱ ሲወራ ደስ ስለሚል ከሰው አፍ አይጠፋም። ስምምነቱን ግን የሚያነሳው የለም።

ምላሽ 6

መምህርቷን ተከትሎ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዳካሩን ሙከራ ጻፈ። ማኔ ሜዳው ላይ ሲደርስ ብዙ ልጆች ተሰልፈዋል። ምዝገባው ላይ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት። ታኬታው ክፉኛ የተቀደደና ያረጀ ነው። ቁምጣውም የኳስ ቁምጣ አይደለም። በዚህ ጫማ ነው የምትጫወተው ብለው ጠየቁት። ያለው ያ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ሜዳ ገባ፤ ሰውየው የጨዋታውን መጨረሻ አልጠበቁም፣ ወዲያው ለቡድናቸው መረጡት።

ተማሪው ሌላም ጨመረ። ማኔ ፈረንሳይ ከገባ በኋላ ለእናቱ ደውሎ አውሮፓ መሆኑን ሲነግራቸው አላመኑትም። ሴኔጋል ያለ ነበር የመሰላቸው። በቴሌቪዥን እስኪያዩት ድረስ ጥርጣሬው አልለቀቃቸውም።

ምላሽ 7 እና 8

አንድ ሰው በዚያ ሙከራ ማኔ ስንት እንደከፈለ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከባለሙያ መጣ። ታቦር ተራራ ግርጌ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን አሠልጣኝ ነው የመለሰው። እንዲህ ያለው አካዳሚ ገንዘብ የሚያገኘው ከልጁ ኪስ እንዳልሆነ አብራራ። ጄኔራሲዮን ፉት በ2000 የተመሠረተ ነው። ከ2003 ጀምሮ ከሜትዝ ጋር በሽርክና ይሠራል። ሜትዝ አካዳሚውን ይደግፋል፣ በምላሹ ጎበዝ ልጆችን ቀድሞ ያገኛል። ፓፒስ ሲሴ፣ ዲያፍራ ሳኮ፣ ኢስማኢላ ሳርና ፓፔ ማታር ሳር ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። ክለቡ በልጁ ላይ ገንዘብ ያወጣል እንጂ ከልጁ አይቀበልም። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ የጠየቀ ሰው ተጫዋች መልማይ ሊሆን አይችልም። አሠልጣኙ እዚህ ላይ ምንም አላለሳለሰም፤ እኔም እስማማለሁ።

ምላሽ 9

ሕግ የሚያውቅ ሰው ገባ። በፊፋ ደንብ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር አይችልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ሌላ አገር ሲኖሩ ይፈቀዳል። ከሐዋሳ የሚነሳ የ15 ዓመት ልጅ ግን በየትኛውም አይሸፈንም። ማኔም ፈረንሳይ የገባው በ19 ዓመቱ መሆኑን አስታወሰ።

ምላሽ 10

አባት ተመልሰው መጡ። ሁሉንም በየተራ አመሰገኑ። ከዚያ ያልነገሩንን አንድ ነገር ጻፉ። ይህን የዕድሜ ጉዳይ ሰውየውን ጠይቀውት ነበር። ዕድሜ ችግር እንዳልሆነ፣ በልደት ካርድ እንደሚስተካከል ነግሯቸዋል። ማህተም ያለበት የግብዣ ደብዳቤም አሳይቷቸዋል።

ምላሽ 11፣ 12 እና 13

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። ምላሽ 11 አባት ይህን ከሰሙ በኋላ አሁንም ማመንታታቸው እንዳሳፈረው ጻፈ። ቃሉ ከባድ ነበር። ምላሽ 12 አባትን ወግኖ ተነሳ። ሰው ጨንቆት ሲጠይቅ መሳደብ ነውር መሆኑን ነገረው፤ ልጅ ወልዶ እንዲያየውም መከረው። ምላሽ 13 ወደ ፍሬ ነገሩ መለሳቸው። ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ አጥንት ኤም አር አይ በሚባል የምርመራ ማሽን ይታያል፤ አጥንቱ ገጥሞ ካለቀ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት በላይ ነው ተብሎ ይታገዳል። በወረቀት የተቀየረ ዕድሜ ደግሞ ልጁን ከነስሙ ተከትሎት ይኖራል። ዛሬ 18 የተባለ የ15 ዓመት ልጅ 22 ሲሞላው በወረቀት 25 ነው። ለወጣት ተጫዋች የሚከፍል ክለብ በዚህ ዕድሜ ዓይኑን ያነሳበታል።

ምላሽ 11 በኋላ አባትን ይቅርታ ጠይቋል። ማድረጉ መልካም ነው።

ምላሽ 14

ሞቢል አካባቢ የሚሠራ የባጃጅ ሾፌር የአጎቱን ልጅ ታሪክ አመጣ። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ አስቀድሞ ተቀብሎ ለአንድ ደላላ ከፈለ። ልጁ የደረሰው አውሮፓ አይደለም፤ ሌላ የአፍሪካ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ከብዙ ልጆች ጋር ተቀመጠ። ነገ ሙከራ አለ ሲባል፣ ነገ ሲባል ወራት አለፉ። በመጨረሻ ደላላው ስልኩን አጠፋ። ልጁን ለማስመለስ ቤተሰቡ ሁለተኛ ጊዜ ተበደረ። ልጁ ዛሬ ሐዋሳ አለ፣ ኳስ ግን ማየት አይፈልግም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌላ ማንበብ አልቻልኩም።

ምላሽ 15 እስከ 18

እንደተለመደው ወሬው መስመር ለቀቀ። አንዱ ሳላህ ከማኔ እንደሚበልጥ ጻፈ። ሌላው በ2019 በርንሌይ ላይ ሳላህ ኳስ ስላላቀበለው ማኔ ተቆጥቶ የወጣበትን ቀን አነሳ። የአርሰናል ደጋፊ ገብቶ ሁለቱንም አጣጣለ። ወዲያው መልስ አገኘ። ማኔ በ2015 አስቶን ቪላ ላይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ ሐትሪክ (ሦስት ጎል) ሲሠራ የሰበረው ሮቢ ፋውለር በ1994 አርሰናል ላይ ያስመዘገበውን የ4 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ ክብረ ወሰን ነው። ማኔ ለሊቨርፑል የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን ያደረገውና ያገባውም አርሰናል ላይ ነው። ከዚያ አንዱ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሳ እየበላ ያደገ የሐዋሳ ልጅ ከማንም እንደማያንስ ጽፎ ስለ ዓሳ ዋጋ መነጋገር ጀመሩ። እሱን አልፈዋለሁ።

ምላሽ 19

ክሩን ወደ መስመሩ የመለሱት የቀድሞ ተጫዋች የነበሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው እንዴት እንደነበር ለወጣቶቹ አስታወሱ። ቀጥለው ስለ ጆርጅ ዊሃ ጻፉ። ዊሃ ከላይቤሪያ ተነስቶ ካሜሩን ተጫውቶ በ1988 ሞናኮ ሲገባ 21 ዓመቱ ነበር። በ1995 የኮከብ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን ወሰደ፤ ከአፍሪካ ተጫዋቾች ያንን ሽልማት የወሰደ ሌላ የለም። የ15 ዓመት ልጅ ጊዜ አመለጠኝ ብሎ መጨነቅ እንደሌለበት ጋሼ አሳሰቡ።

የራሳችንንም አልረሱም። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ተመልሳ በ10 ተጫዋች ከዛምቢያ አንድ እኩል ስትወጣ ጎሏን ያገባው አዳነ ግርማ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ሽመልስ በቀለም ከሐዋሳ ተነስቶ ግብፅ ሊግ ውስጥ ለዓመታት ተጫውቷል። ጋሼ እነዚህን የጠቀሱት ሐዋሳ ውስጥ ችሎታ እንዳልጠፋ ለማሳየት ነው።

ምላሽ 20 እና 21

ምላሽ 20 ይህን ሰምቶ ይብስ ተናደደ። ችሎታው ካለ አውሮፓ ላይ ስማችን የታለ ሲል ፌዴሬሽኑንም ክለቡንም አሠልጣኙንም አንድ ላይ ጠርጎ ወቀሰ። ምላሽ 21 ጨርሶ የለንም ማለቱን አረመው። ሳላዲን ሰኢድ ቤልጂየም ለሊርስ ተጫውቷል። ፍቅሩ ተፈራ ቼክ ውስጥ ነበር። ጋቶች ፓኖም በ2017 ለሩሲያው አንዢ ፈርሟል። አብዛኞቹ ሳይቆዩ የተመለሱበትን ምክንያት በብሔራዊ ቡድኑ ደረጃ አስረዳ። ለምሳሌ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከመውጣቷ በፊት በነበረው የሥራ ፈቃድ ደንብ የተጫዋቹ አገር በፊፋ ደረጃ እስከ 50ኛ ባለው ውስጥ መሆን ነበረበት። ከ31ኛ እስከ 50ኛ ያሉት አገሮች ተጫዋች ደግሞ ከብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታዎች 75 በመቶውን መሰለፍ ይጠበቅበት ነበር። እኛ ብዙውን ጊዜ ከ100ኛ ወዲያ ነን። የሐዋሳ ልጅ ከዳካር ልጅ እኩል ቢጫወትም በሩ እኩል አይከፈትለትም።

ምላሽ 22 እና 23

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ያሉ ቡድኖች ከዚህ ምን እንደሚያገኙ ማስላት ጀመረ። በፊፋ ደንብ ተጫዋች በገንዘብ ሲዛወር 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ። ማኔ ወደ ሊቨርፑል የሄደበትን 34 ሚሊዮን ፓውንድ ይዞ በ0.5 በመቶው ለአንድ የሥልጠና ዓመት 170,000 ፓውንድ አወጣ።

ምላሽ 23 ስሌቱን አደነቀና ምሳሌውን አረመ። የ2016ቱ ዝውውር በሁለት የእንግሊዝ ክለቦች መሐል ስለሆነ ያኔ ይህ ክፍያ አይመለከተውም። በአንድ አገር ውስጥ ለሚደረግ ዝውውር የውጭ አሠልጣኝ ክለብም እንዲያገኝ የተደረገው ከ2020 ወዲህ ነው። ትክክለኛው ምሳሌ ከሳልዝበርግ ወደ ሳውዝሃምፕተን የሄደበት ነው። ከተነገረው 11.8 ሚሊዮን ፓውንድ 0.5 በመቶው 59,000 ይሆናል። ለአንድ የሰፈር ፕሮጀክት ይህ ሜዳ ነው፣ ኳስ ነው፣ የዓመታት የአሠልጣኝ ደመወዝ ነው።

ምላሽ 24

የታቦሩ አሠልጣኝ በዚህ ላይ ተመልሶ በምሬት ጻፈ። ገንዘቡ የሚመጣው ልጁ በየዓመቱ በትክክለኛ ዕድሜው ተመዝግቦ ሲገኝ ብቻ ነው። ብዙ ፕሮጀክት ውስጥ መዝገብ የለም፤ ልጆቹ የሚታወቁት በቅጽል ስም ነው። ዕድሜ የሚቀይር ደላላ ልጁን ብቻ ሳይሆን ያሳደገውን ሜዳም እንደሚዘርፍ ለምላሽ 10 አስታወሰ። ስለ ሜዳ ካነሳ ደግሞ በየሰፈሩ ባዶ የነበረ መሬት ሁሉ በግንብ መታጠሩን፣ ልጆች አሁን በፈረቃ እንደሚጫወቱ ጻፈ። የደከመ ሰው ቁጣ ነበር። በዚህ ክር ውስጥ ብዙ ሰው የወደደው ምላሽ ይኸው ነው።

ምላሽ 25

አባት ለመጨረሻ ጊዜ ጻፉ። በሰው ምክር ለሰውየው ደውለው የፊፋ የወኪልነት ፈቃዱን ቁጥር ጠየቁት። እንደሚልክላቸው ነግሯቸው ስልኩን ማንሳት አቆመ። ከልጃቸው ጋርም ተነጋግረዋል። መምህርቷ የጻፈችውን ምላሽ 5 አብረው አነበቡት። ልጁ ተከራክሮ ተከራክሮ አንድ ነገር ጠየቀ። ትምህርቱን ከቀጠለ አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምዱን መጥተው እንዲያዩለት። ተስማሙ።

ምላሽ 26 እና 27

ክሩ ያለቀ ሲመስል አንዲት እናት ብቅ አለች። የ13 ዓመት ሴት ልጅ አላት፤ ወንዶቹ መሐል ትጫወታለች። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ ወንድ ልጅ መሆኑን ታዝባ ለሴት ልጅ መንገድ አለ ወይ ስትል ጠየቀች።

የታቦሩ አሠልጣኝ ቀድሞ መለሰላት። ሎዛ አበራ ከዱራሜ መጥታ ለሐዋሳ ከተማ ሴቶች ቡድን ተጫውታለች። ኋላ ማልታ ሄዳ ከቢርኪርካራ ጋር የሊግ ሻምፒዮን ሆነች፤ በጎልም ከሁሉ በልጣ ጨረሰች። ከዚያም አሜሪካ ድረስ ሄዳ ተጫወተች። አሠልጣኙ ሴቶቹ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደሚለማመዱ፣ ክፍያ እንደሌለው ነገራት። ልጅቷ የልደት ካርዷን ኮፒ ይዛ እንድትመጣም አሳሰባት፤ አዲስ መዝገብ ተከፍቷል።